ጥቆማ፦ ስታቲክ ራውቲንግ ይበቃችኋል ወይስ ኦኤስፒኤፍ ታስገቡ?

ስታቲክ ራውቲንግ የፓኬቱን መንገድ (ራውት) በእጅ መጻፍ ነው፤ ኦኤስፒኤፍ ደግሞ ራውተሮቹ ራሳቸው ተነጋግረው መንገድ የሚያገኙበት ዳይናሚክ ፕሮቶኮል ነው። የራውተሩን ብዛት ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ፦ ፓኬቱ የሚሄድበት ሁለተኛ መንገድ አለ ወይ?

ከሌለ ስታቲክ ያዙ። መውጫው አንድ ብቻ ለሆነ ቅርንጫፍ አንዲት ዲፎልት ራውት (ሌላ መንገድ ያልተጻፈለት ፓኬት ሁሉ የሚወጣባት) ትበቃዋለች። መስመሩ ከተቆረጠ የትኛውም ፕሮቶኮል ሌላ አይፈጥርለትም።

ሁለተኛ መስመር ካለ ግን ወደ ዳይናሚክ ሂዱ። ብዙ ሰው ስታቲክን የሚጠላው በእጅ ስለሚጻፍ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሲበላሽ ዝም ማለቱ ነው። ሁለት ራውተሮች በስዊች ተገናኝተው ማዶ ያለው ቢጠፋ፣ የእናንተ ፖርት የተሰካው ስዊቹ ላይ ስለሆነ «አፕ» እንዳለ ይቆያል። ራውቱ ከራውቲንግ ቴብሉ (ከራውተሩ የመንገድ ዝርዝር) አይወጣም፣ ፓኬቱም እየተላከ ይጠፋል። ዲስታንሱን (የመመረጥ ደረጃውን፤ ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል) ከፍ አድርጋችሁ በተጠባባቂነት ያስቀመጣችሁት ፍሎቲንግ ስታቲክም የመጀመሪያው እስካልወጣ ድረስ አይገባም። የግድ በስታቲክ መቀጠል ካለባችሁ ማዶውን በፒንግ የሚከታተል ትራኪንግ ወይም ቢኤፍዲ (የመስመር መቋረጥን በፍጥነት የሚያውቅ ፕሮቶኮል) ጨምሩበት።

ኦኤስፒኤፍ እንዲህ ያለውን ብልሽት ራሱ ያውቃል። ኤተርኔት ላይ በዲፎልት በየ10 ሰከንዱ ሄሎ («አለሁ» የሚል አጭር መልእክት) ይልካል፤ 40 ሰከንድ ሙሉ ምላሽ ካጣ ጎረቤቱን ጥሎ መንገዱን እንደገና ያሰላል። ለድምፅ ጥሪ 40 ሰከንድ ብዙ ነው፣ እዚህም ቢኤፍዲ ከሰከንድ በታች ያወርደዋል።

ከዳይናሚኮቹ ለምን ኦኤስፒኤፍ? ክፍት ስታንዳርድ ስለሆነ የተለያየ ኩባንያ ራውተሮች ይግባቡበታል። ሲስኮ የሠራው ኢአይጂአርፒ ጎበዝ ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 አርኤፍሲ (ለሁሉም ክፍት የሆነ የኢንተርኔት ሰነድ) ሆኖ ቢወጣም ዛሬም በብዛት የምታገኙት ሲስኮ ላይ ነው። የድሮውን ፕሮቶኮል ሪፕን ተዉት፦ ከ15 ሆፕ (ከራውተር ወደ ራውተር የሚደረግ ዝላይ) አያልፍም፣ ፍጥነትም አይለይም፣ ለሱ 10 ሜጋውም 10 ጊጋውም አንድ ሆፕ ነው። ቢጂፒ (በድርጅቶችና በኢንተርኔት አቅራቢዎች መካከል የሚሠራው ፕሮቶኮል) የሚያስፈልጋችሁ የራሳችሁን አድራሻ ለሁለት ኢንተርኔት አቅራቢዎች የምታስተዋውቁ ከሆነ ነው።

ኦኤስፒኤፍን ስታስገቡ ሪፈረንስ ባንድዊድዙን (የመስመሩ ኮስት፣ ማለትም መንገድ ሲመረጥ የሚታየው ዋጋ፣ የሚሰላበትን መነሻ ፍጥነት) አትርሱ። ሲስኮ ላይ ዲፎልቱ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ ስለሆነ 100 ሜጋውም 10 ጊጋውም ኮስታቸው 1 ይሆናል፤ ሁሉም ራውተር ላይ እኩል ከፍ አድርጉት። ጎረቤቶቹ ኤክስስታርት (የመንገድ መረጃ ከመለዋወጣቸው በፊት ያለው ደረጃ) ላይ ተገትረው ከቀሩ መጀመሪያ የሁለቱን ወገን ኤምቲዩ (በአንዴ የሚላከው ትልቁ የፓኬት መጠን) አወዳድሩ።

የድሮ ስታቲኮችንም አጽዱ። ሲስኮ ላይ የስታቲክ ዲስታንስ 1፣ የኦኤስፒኤፍ 110 ስለሆነ ለአንድ ኔትወርክ የተረሳች አንዲት ስታቲክ ኦኤስፒኤፍ ያገኘውን መንገድ ትጋርደዋለች። ራውቲንግ ቴብሉን ከፍታችሁ «ኤስ» የሚል ምልክት ያለባቸውን መስመሮች አንድ በአንድ እዩ፤ ምክንያቱን የማታውቁት አንድም እንዳይቀር።