የማይናገር ጀግና እየሳልኩ ነው፤ ዝም ይበል ወይስ ላናግረው?

ቀለም ከደሴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። የሱቅ ስም፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የግድግዳ ማስታወቂያ። ቀኑን ሙሉ ከፊደል ጋር እውላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ኮሚክ እስላለሁ፤ የኮሚኬ ጀግና ግን አንድም ቃል አይናገርም።

ስሙ ጭጋግ ነው። የደሴን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ መውረድ ሲጀምር ፒያሳ ቆመህ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው አይታይህም። ጀግናዬም እንደዚያ ነው የሚመጣው፤ ፊቱን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ። እኛ ጋ ጠዋት በብርድ እስከ ዓይኑ የተሸፋፈነን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ልዩ ጭንብል አላስፈለገውም። ይህን ያገኘሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ስስል ነው ያደርኩት።

ቀን ቀን ወፍጮ ቤት ይሠራል። ይህ ፈጠራ አይደለም። ልጅ ሆኜ እናቴ እህል እያሸከመች ወፍጮ ቤት ትልከኝ ነበር። እዚያ የሚሠራው ሰውዬ አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ያስራል። ቅንድቡ ዱቄት ነው። ወፍጮው ሲነሳ መነጋገር አይቻልም፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ በጣቱ ያሳይሃል፣ ሂሳቡን በጣቱ ይነግርሃል፣ «ቆይ ገና ነው» የሚለውን በመዳፉ። ከሦስት ዓመት በላይ ስመላለስ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ዳቦ ሲገዛ ከኋላው ቆሜ ሰማሁት። ድምፁ ቀጭን ነበር። ደነገጥኩ። ሌላ ሰው መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሰው ከጭንቅላቴ አልወጣም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ጭጋግ ያለፈ ታሪክ አለው። ልጅ ሳለ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ አንድ የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማል። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቶታል። ግን ዝም ይላል። መኪናው ገደል ይገባል። ሾፌሩም፣ ከላይ የተሳፈሩ ሁለት ሰዎችም ይሞታሉ። እሱ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ቃል ከአፉ አይወጣም።

22 ገጽ ጨርሻለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ በስቴፕለር ለመስፋት ነው ሐሳቤ። ያሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ ግን አንድ ነገር ይሉኛል፤ «ለምን አይናገርም?» እህቴ ቃል የሌለበትን መጽሐፍ ማንም አይገዛም አለች። ጓደኛዬ ደግሞ ቢያንስ የሚያስበውን በክብ ውስጥ ጻፍለት አለኝ። እኔ ቢናገር የሚሞትብኝ ይመስለኛል። ምን ትሉኛላችሁ? ማንነቱስ መጨረሻ ላይ ይገለጥ?


ሰብሳቢው ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ ሸጋ ነገር ይዘሃል። በፍጹም እንዳታናግረው!

ቃል የሌለበት አይነበብም ለሚሉህ አንድ ማስረጃ ልስጥህ። ስኔክ አይስ የሚባለውን ታውቀው ይሆናል፣ የጂ አይ ጆው፤ ጂ አይ ጆ የአሜሪካ ወታደሮች አሻንጉሊትና ኮሚክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሃስብሮ የሚባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ አሻንጉሊቶቹን ሲያወጣ ወጪ ለመቆጠብ አንዱን ቀለም ሳይቀቡት ከላይ እስከ ታች ጥቁር አድርገው ለቀቁት። እሱ ነው ስኔክ አይስ። ለዚያ ጥቁር ፕላስቲክ ነፍስ የሰጠው ደራሲው ላሪ ሃማ ነው። ሄሊኮፕተር ውስጥ ባልደረባውን ሲያድን ፊቱ ተቃጠለ፣ ድምፁም ጠፋ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከቬትናም ጦርነት ሲመለስ ሊቀበሉት የወጡት ቤተሰቦቹ በመኪና አደጋ አልቀው ነው የጠበቁት። ከአሻንጉሊቱ ጋር በሚመጣው ካርድ ላይ በስሙ ቦታ «ምስጢር» ተብሎ ነው የተጻፈው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ማርቭል የሚባለው አሳታሚ ያወጣው የጂ አይ ጆ ኮሚክ 21ኛ ቁጥር ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ ያለ አንድ ቃል ወጣ። ንግግር የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ «ቧ!» «ጯ!» የሚል የድምፅ ጽሑፍ እንኳ የለም። ዛሬም ድረስ ስለዚያ ተከታታይ ሲወራ ሰዉ መጀመሪያ የሚያነሳው ያንን ቁጥር ነው።

ሁለተኛዋ ካሳንድራ ኬይን ናት። ዲሲ የሚባለው የኮሚክ አሳታሚ ጀግና ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የመጣችው። አባቷ ነፍሰ ገዳይ ነው። ሆን ብሎ ቃል ሳያሰማ አሳደጋት፤ የሰው አካል እንቅስቃሴ ብቻ ቋንቋዋ እንዲሆን። ገና ሕፃን ሳለች ሰው አስገደላት። ሟቹ ሲሞት የተሰማውን ፍርሃት ከአካሉ ላይ አነበበችው። ከዚያ ሸሸች። በኋላ ባትገርል የምትባለውን ጀግና ስትሆን ጭንብሏ ፊቷን ሙሉ ይሸፍናል፣ አፉ ላይ የስፌት መስመር አለው። አንድ ጊዜ በአእምሮ ኃይል ቃል እንድትረዳ ያደርጓታል፤ ወዲያው የሰው አካል ማንበብ ያቅታታል። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ አልቅሻለሁ። ጓደኛህ የሐሳብ ክብ ጻፍለት ሲልህ እሱን አስታውስ። ቃል ስትሰጠው የምትወስድበት ነገር አለ።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርህ። የስኔክ አይስ ዝምታ ጉዳት ነው። የካሳንድራ አስተዳደግ ነው። ያንተው ግን ራሱ የመረጠው ይመስላል። ጥፋቱ ምን ነበር? መናገር ሲገባው ዝም ማለቱ። ቅጣቱስ? ዝም ማለት! ነገ ሌላ መኪና ሐረጎ ላይ ፍሬኑ ሲፈታ ጭጋግ ከዳር ቆሞ ቢያይ ምን ያደርጋል? ዝም ካለ ያንኑ ጥፋት ደገመው። ይህን ሳትፈታ 23ኛውን ገጽ አትጀምር።

ማንነቱን በተመለከተ፣ አትግለጠው። ካሳንድራ ቀን ቀን የምትሆነው ሌላ ሰው አልነበራትም ማለት ይቻላል። ያንተው ወፍጮ ቤት አለው፣ የሚያውቁት አስፈጪዎች አሉት። ሀብቱ እሱ ነው።


የአሰብ መንገድ፦

ልጄ፣ እኔ ኮሚክ የሚባለውን አላውቅም። የልጅ ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ሐረጎን ግን አውቃለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በከባድ መኪና ነው። አሰብ የእኛ ወደብ በነበረች ጊዜ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ እየተመላለስኩ ጭነት አመላልሻለሁ።

አንዳንድ ነገር ላርምህ። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ግን በዚያች አጭር መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ ጠርዝ ትወርዳለህ፤ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ ብትረግጠውም አይዝም። ስለዚህ በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ነው የሚወረደው። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ነው ሕጉ።

የሚያፏጭ ድምፅ ያልከው ትክክል ነው። የንፋስ ፍሬን ሲያፈስ ያፏጫል። በድሮዎቹ መኪኖች ንፋሱ ካለቀ ፍሬን የለም፣ አለቀ። ግን ልጁ ድምፁን የሚሰማው ሐረጎ ላይ አይደለም። ሐረጎ ላይ ሞተሩ እያጓራ ምን ይሰማል? ደሴ ላይ፣ ሳይነሱ፣ ጎማው ሥር ታኮ ሊያነሳ ሲወርድ ነው መስማት ያለበት። ያኔ ነው ጥፋቱ የሚከብደው። ጊዜ ነበረው።

ለምን ዝም እንዳለም አልጻፍክም። እኔ ልንገርህ። ረዳት ይፈራል። በእኛ ጊዜ ረዳት ለሾፌር «መኪናው ችግር አለው» ቢል «አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» ተብሎ ሊመታ ይችል ነበር። ሜዳ ላይ ወርዶ የቀረም አለ። እኔ ራሴ ረዳት ሆኜ የሰማሁትን ውጬ ተሳፍሬ አውቃለሁ። አላህ አወጣን እንጂ። ሾፌር ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ረዳቶቼን ተቆጥቻለሁ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሾፌሩን ክፉ አድርገህ አትሳለው። የቸኮለ ሰው አድርገው። አብሽር፣ ጥሩ ይዘሃል።


ሐያት፦

ሰላም። እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ። የልብስ ስፌት ሥራ ላይ ነኝ፣ ደሴ። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ወፍጮ ቤት እኔና ሌላው ሰው እኩል የምንሆንበት ቦታ ነው። እዚያ ሁሉም በእጁ ነው የሚያወራው።

ሰብሳቢው ያነሳውን ጥያቄ ደጋግሜ አሰብኩበት። የምትደባልቋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። መናገርና መንገር። ልጁ የበደለው ባለመናገሩ አይደለም። ባለመንገሩ ነው። የሾፌሩን እጅ ይዞ ጎማው ዘንድ ወስዶ በጣቱ ቢያሳየው ኖሮ ነግሮት ነበር፣ ድምፅ ባያወጣም። እኔ በየቀኑ እናገራለሁ ማለት አልችልም። ግን በየቀኑ እነግራለሁ። ጀግናህ ድምፁን ትቶ መንገርን ቢማር ዝምታው ጥፋቱን አይደግምም። እጁን ስጠው። ከወፍጮ ቤት የተማረው የጣት ምልክት አለው አይደል? ከዚያ ተነሳ።

ሌላ ነገር ግን አለ፤ ጋቢው። በምልክት ቋንቋ እጅ ብቻውን አይበቃም። ፊትም ሰዋስው ነው። ቅንድብ ሲነሳና ሲወርድ ዓረፍተ ነገሩ ጥያቄ ይሆናል፣ አፍና ጉንጭ ትንሽ ትልቁን ይለያሉ። ኮሮና ጊዜ ሁሉም ማስክ ሲያደርግ እኛ በጣም ተቸግረን ነበር። የሰው ግማሽ ንግግሩ ተሸፈነብን። ስለዚህ ጭጋግ ሲሸፈን ቋንቋውም ይቆረጣል። ከሰው ጋር በደንብ ሊነጋገር ሲፈልግ ጋቢውን ዝቅ ማድረግ አለበት። ያኔ ደግሞ ይታወቃል። ማንነቱ ይገለጥ ወይ ብለህ ለጠየቅከው የኔ መልስ ይሄ ነው። ለመላው ከተማ አትግለጠው። አንድ ሰው ፊት ግን ጋቢውን ዝቅ ያድርግ፣ የሚነግረው ነገር ከስሙ የሚበልጥ ስለሆነ።

እባክህ በመጨረሻ ድምፁን አትመልስለት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚደረገው። እንደ እኛ ያለ ሰው ታሪክ ውስጥ ሲገባ መጨረሻው ላይ ይድናል። እኔ አንድ ጊዜ ሳይድን የሚያልቅ ማንበብ እፈልጋለሁ።


ቀለም ከደሴ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አልሳልኩም። ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኳችሁ።

ሐያት፣ «መንገር» ያልሽውን ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩት። ገጽ 14 ላይ ጭጋግ አንዲት ሴትዮን ከዘራፊ ያድናትና ይሰወራል። አሁን ይቀየራል። ከመሰወሩ በፊት ዘራፊዎቹ የት እንደሄዱ በእጁ ይነግራታል። እሷ አይገባትም። ደግሞ ይነግራታል። አይገባትም። ሦስተኛው ላይ ጋቢውን ዝቅ ያደርጋል። እሷ ወፍጮ ቤት የምታስፈጭ ሴትዮ ናት፤ ታውቀዋለች። ለማንም አትናገርም። በሚቀጥለው ገጽ ዱቄቷን ስትቀበል ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ ሂሳቡን በጣቱ ያሳያታል፣ ትከፍላለች። ያ ገጽ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የእጁን ምልክቶች በትክክል መሳል ስለምፈልግ አንድ ቀን ብታሳዪኝ ደስ ይለኛል። ድምፁን አልመልስለትም፤ ቃሌ ነው።

ሰብሳቢው፣ የድምፅ ጽሑፍ እንኳ የለም ያልከውን እንዳልከተለው ይቅር በለኝ። የኔ እንጀራ ፊደል ነው። ጭጋግ አይናገርም፤ ወፍጮው ግን ይጮኻል። የወፍጮውን ድምፅ እንደ ታፔላ ፊደል አወፍሬ፣ ጥላ ሰጥቼ፣ ገጹን ሞልቼ እጽፈዋለሁ። የሰው ንግግር የሚገባበት ቦታ እስኪጠፋ። ሐረጎ ላይ ደግሞ የሞተሩን። ያቺን የንፋስ ድምፅ ግን «ስስስ» ብዬ በቀጭን እርሳስ ብቻ፣ ከገጹ ጥግ። አንባቢው ራሱ ሊያልፋት ይችላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያያት ልጁ የተሰማው እንዲሰማው ነው የምፈልገው።

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ገብቶኛል። ሾፌሩን ዛሬ ጠዋት ደግሜ ሳልኩት። ክፉ ፊት ሰጥቼው ነበር፤ አጠፋሁት። ሰዓቱን የሚያይ ሰው አደረግኩት። ልጁን ደግሞ ታኮውን በእጁ እንደያዘ፣ አፉ በትንሹ ተከፍቶ። ሊል ነው። አላለም። ራስዎ ያለፉበትን ስለነገሩን እግዜር ይስጥልን። ከባድ እንደነበር አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ታኮውን ይዞ ተመልሶ ሲሳፈር፣ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ትልቅ ሥዕል አለኝ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን። ልጁ ዞሮ የሚያየው ወዴት ነው? ሾፌሩን ነው ወይስ መንገዱን?


የአሰብ መንገድ፦

ሾፌሩን አያይም። የፈራ ልጅ ሾፌሩን አያይም። በቀኙ በኩል ባለው መስኮት ወደ ኋላ ጎማ ነው የሚያየው። መስኮቱን ክፍት አድርገው። አሁንም እየሰማው ነው።