አስቸኳይ! ከሞተርሆም ኋላ የሚጎተት ፎርዊል የቱ ይሻላል?

መንገደኛው፦ ሰላም ቤተሰብ። መንገድ ዳር ቆሜ ነው የምጽፈው። አራቱም ጎማዋ መሬት ነክቶ ከሞተርሆሜ፣ ማለትም እንደ ቤት ከምኖርበት መኪና፣ ኋላ የምጎትታት ትንሽ አውቶማቲክ መኪናዬ ካምቢዮዋ ነደደ። ሽታው አሁንም አለ። ፎሌ ላይ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ሳይገባባት፣ ነበረች! አሁን በሷ ምትክ ኮረኮንች የሚደፍር ፎርዊል ልገዛ ነው። ያገለገለ ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ አግኝቻለሁ፤ ሻጩ እስከ ማታ መልስ ይፈልጋል። ልግዛ?

ጎማ ነፊው፦ ፎሌ ላይ አድርገህ ጎትት፣ ምንም አይሆንም።

የካምቢዮ ልጅ፦ አላነበብክም እንዴ? ፎሌ ላይ ነበረች አለህ እኮ! የብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮ የዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተር ጠፍቶ ጎማ ሲዞር ውስጡ ይሽከረከራል፣ ዘይት ግን አይደርሰውም። ደርቆ ይቃጠላል።

ምክር አያልቅበት፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ክብደት! የሞተርሆምህ ጋንቾ ስንት ኪሎ ይችላል? እሱን ሳትነግረን "ልግዛ?" ትላለህ። ባለ አራት በር ጂፕ ራንግለር እንኳ ባዶውን ወደ 2 ቶን ይጠጋል፣ ግራንድ ቼሮኪ ደግሞ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ዕቃህንም ጨምርበት። ሁለተኛ፣ ፍሬን። ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ እየገፋህ በሞተርሆሙ ፍሬን ብቻ ቁልቁለት አትወርድም፤ የሚጎተተው መኪና የራሱን ፍሬን የሚረግጥለት መሣሪያ ይግጠም። ሦስተኛ፣ አስረህ ወደ ኋላ አትንዳ። የፊት ጎማው ይጠማዘዝና መጎተቻውን ያጣምምብሃል። እኔ አንዴ...

ሳቂታ፦ ፎርዊሉን ንዳና ሞተርሆሙን ከኋላ እሰረው 😂

እግረኛዋ፦ ለምን ትጎትታለህ ግን? ሞተር ሳይክል ከኋላ ስቀል፣ በቃ።

መንገደኛው፦ እህቴ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ሞተር ሳይክል ላይ ልደርድራቸው?

ጎማ ነፊው፦ እንግዲያው የፊት ጎማውን ብቻ ጋሪ ላይ ጫን።

የካምቢዮ ልጅ፦ ሁሌም በአራቱ የሚነዳ መኪና በዚያ መንገድ አይጎተትም። የኋላ ጎማዎቹ ትራንስፈሩን፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ያዞሩታል። አንተ ጠያቂው፣ የቱ ግራንድ ቼሮኪ ነው? የፎርዊል ሥርዓቱ ኳድራ-ትራክ 1 የሚባለው ከሆነ ትራንስፈሩ ፎሌ የለውም፤ እርሳው። ኳድራ-ትራክ 2 ከሆነ ለከባድ መንገድ የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽም የትራንስፈር ፎሌም አለው፤ ይጎተታል። ያኔ ፎሌ የሚገባው ትራንስፈሩ ነው፣ ካምቢዮው ግን ፓርክ ላይ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ከማሰርህ በፊት ዲ አስገብተህ ፍሬኑን ልቀቀው። ከተንቀሳቀሰ ፎሌ አልገባም ማለት ነው። ለማንኛውም የዚያን ዓመት ሞዴል መመሪያ መጽሐፍ አንብብ።

አቧራ ወዳዱ፦ ራንግለር ግዛ። ትራንስፈሩ ብዙ ጊዜ በእጅ ዘንግ ነው የሚገባው፣ ግልጽ ነው። ካሜራም ግጠም። የኋላዋ ስትንቀጠቀጥ ሞተርሆም ውስጥ አይሰማህም።

መንገደኛው፦ ሻጩ የውስጡን ፎቶ ልኮልኛል። የፎሌ ቁልፍ የሚባል አላየሁም። "ሁሉም ፎርዊል ይጎተታል" ይላል።

የካምቢዮ ልጅ፦ ሻጭ ሌላ ምን ይበልህ! ዝቅተኛ ማርሽ ማስገቢያ አለው? እሱም ከሌለ ተወው።

ሳቂታ፦ መሽቷል። ገዛኸው እንዴ?

እግረኛዋ፦ መንገደኛው? ኧረ ሰውዬው የት ገባ?