አስቸኳይ፦ ለጓሮ ዒላማ የምትሆን አጭር ስኮፕ (የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር) ጠቁሙኝ፣ ቅዳሜ ውድድር አለብኝ

ቆርኪ አዳኝ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡40)
ወገኖች ድረሱልኝ። ስኮፔ ዛሬ ሞተ። እስከ ትናንት 20 ያርድ ላይ ቆርኪ እመታ ነበር። ዛሬ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ አጥሩ ላይ። ምስሉም ደብዝዟል። ማስተካከያውን ስምንት ክሊክ (ቀጭ የሚለውን ጥርስ) ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም ከነልጆቹ ይመጣል፣ የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል። ለሰባት ሰው! አጭርና ቀለል ያለ ነው የምፈልገው፣ ረጅሙ ጠመንጃዋን ያከብድብኛል። ከ100 ዶላር ባይበልጥ። ዛሬ ማታ ካላዘዝኩ አይደርስም። የቱን ልግዛ?

ባለ መፍቻው (2፡44)
ብሎኑን አጥብቅ።

ሕግ ይከበር (2፡51)
ወንድሜ፣ ስኮፑ ይቆየንና ጓሮህ ውስጥ መተኮስ ይፈቀድልሃል ወይ? የ.22 ጥይት ካርቶን ላይ የተጻፈውን አንብበህ ታውቃለህ? እስከ አንድ ማይል ተኩል ትሄዳለች ይላል። የእንጨት አጥር አያቆማትም። ብዙ ከተሞች በክልላቸው ውስጥ መተኮስ ጨርሶ ይከለክላሉ። አንተ ደግሞ «አንዱ አጥሩ ላይ» ብለህ እንደ ቀልድ አለፍካት። ቅዳሜ ክትፎ ሳይሆን ፖሊስ እንዳይመጣብህ። መጀመሪያ ካውንቲህን ጠይቅ፣ ከዚያ ስለ መነጽር እናወራለን።

ቆርኪ አዳኝ (2፡55)
ኧረ የአየር ጠመንጃ ናት! የነገርኳችሁ መስሎኝ ነበር። ባለ .177 (የጥይቷ ውፍረት በኢንች)፣ አፈሙዟን ወደ ታች ሰብረህ የምትወጥራት። ማናሳስ ነኝ፣ ቨርጂኒያ። ጓሮዬ 25 ያርድ አይሞላም።

ባለ መፍቻው (2፡56)
ብሎኑን አጥብቅ።

ሕግ ይከበር (3፡03)
እንዲህ አትልም ታዲያ! የአየር ከሆነች የፌዴራሉ ሕግ ጦር መሣሪያ አይላትም። ኒው ጀርሲ ግን ይላታል፣ እዚያ ብትሆን ሌላ ወሬ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ የግል ግቢ ላይ ባለቤቱ እስከፈቀደ ድረስ ከተማም ካውንቲም ሊከለክልህ አይችልም። ነገር ግን ጥይቷ ከግቢህ ወሰን እንዳትወጣ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለብህ። አጥሩን አሁንም አልረሳሁትም።

አራት ዓይና (3፡05)
የደበዘዘው ስኮፑ ሳይሆን አንተ ነህ። ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ 😂
ለቀልድ ነው፣ ግን እኔም 45 ዓመት ሲሞላኝ እንዲሁ ሆኜ ሦስት ቀን ሙሉ ስኮፕ ሳማርጥ ከርሜያለሁ። ለካ በዓይን በኩል ያለችው ቀለበት ትዞራለች! ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥርና ውስጡ ያለችው የማነጣጠሪያ መስቀል ጥርት ብላ እስክትታይ ቀስ እያልክ አዙራት። ብዙ አታፍጥባት፣ ዓይን ራሱ ይለምዳታል። ወደ ፀሐይ እንዳታዞረው ብቻ። ልጆች ነካክተዋት ይሆናል፣ የኔ ልጅ ነበር የነካካት።

ምንሽር (3፡10)
20 ያርድ ላይ ስኮፕ! እግዚኦ። በ1888 አድዋ ላይ መነጽር የነበረው ማን ነው? እሱ ይቅር፣ ኦሊምፒክን እይ። የአየር ጠመንጃ በ10 ሜትር ነው፣ ስኮፕ አይፈቀድም፣ የአሥር ነጥቧ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ልጆቹ ግን ይመቷታል። 100 ዶላርህን ያዝ፣ ጠመንጃዋ ላይ በተፈጥሮዋ ባለችው ማነጣጠሪያ ተለማመድ። ስኮፕ ሰነፍ ያደርጋል።

የቂርቆስ ልጅ (3፡13)
አድዋ ላይ ቆርኪ የመታ የለም ጋሼ 😂
የአየር ጠመንጃ ሲባል ግን ጥምቀት ትዝ አለኝ። ማስቲካ ደርድረው፣ ለአንድ ተኩስ ሳንቲም አስከፍለው፣ ማነጣጠሪያዋን ራሳቸው አጣመው የሚሰጡንን ነገር። ግራውን ዓይተህ ቀኙን ትመታለህ። አንድ ማስቲካ ሳልበላ ነው ያደግኩት።

ስፕሪንጉ (3፡20)
ቆርኪ አዳኝ፣ ሁለት ነገር መልስልኝ። ያ ስኮፕ ከየት መጣ? ስታወዛውዘውስ ድምፅ አለው?

ቆርኪ አዳኝ (3፡24)
ከአማቼ ነው ያገኘሁት። በባሩድ ከምትተኩሰው .22 ጠመንጃው ላይ ነቅሎ ሰጠኝ። 4 በ32 ነው፣ አራት ጊዜ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ 32 ሚሊ ሜትር። ይሄ ለውጥ ያመጣል እንዴ? ቆይ ላወዛውዘው።
...
ይንኳኳል። ውስጡ ያለ ነገር ቅጭል ቅጭል ይላል።

የቂርቆስ ልጅ (3፡25)
አማችህ ማለት ቅዳሜ የሚመጣው ሰውዬ? አስቦበት ነው የሰጠህ!

ስፕሪንጉ (3፡41)
እንግዲያው ስማኝ። ረዘም ይላል፣ ግን ገንዘብህን እንዳታባክን ብዬ ነው።
ያንተ ዓይነቷ ባለ ስፕሪንግ የአየር ጠመንጃ ከሌላው የተለየች ናት። ቃታውን ስትስብ ውስጧ ያለው ፒስተን ወደ ፊት ይወረወራል፣ ጠመንጃዋ ወደ ኋላ ትራገጣለች። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመታ ደግሞ ጠመንጃዋ ወደ ፊት ትዘላለች። በአንድ ተኩስ ሁለት ምት፣ በሁለት አቅጣጫ። የተለመደው ስኮፕ የሚሠራው ወደ ኋላ የሚመጣውን ምት እንዲችል ነው። የፊቱን ብዙዎቹ አይችሉትም። ለትልቅ የአደን ጠመንጃ የተሠራ ውድ ስኮፕ እዚህች የጓሮ መጫወቻ ላይ ሊሰባበር ይችላል። የሚንኳኳው አንተ ጋ ያለው እንዲህ ሆኖ ይመስለኛል።
ሁለተኛ፣ ድብዘዛው። የ.22 ስኮፕ አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካው ለ50 ያርድ አስተካክሎ ይዘጋዋል። የትልቅ ጠመንጃው ለ100። አንተ 20 ላይ ነህ። ምስሉ መደብዘዙ ብቻ አይደለም ጣጣው። ዓይንህ ከመሃል ትንሽ ዞር ሲል መስቀሏ ዒላማው ላይ ትንሸራተታለች። ለ100 ያርድ የተዘጋ ባለ 32 ሚሊ ሜትር መነጽር 20 ያርድ ላይ፣ ዓይንህ ጠርዝ ድረስ ከሄደ፣ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ያስትሃል። የ50ው ደግሞ ወደ 10 ገደማ። ያ ማለት ግማሽ ቆርኪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ኤኦ የተጻፈበት ፈልግ፤ የፊት መስታወቱ ዙሪያ ያርድ የተጻፈባት የምትዞር ቀለበት ያለችው። ወደ 10 ያርድ ወይም ከዚያ በታች የምትወርድ ትሁን።
ሦስተኛ፣ ስምንት ክሊክ ያልከው። ሩብ ኢንች የሚባለው ክሊክ 100 ያርድ ላይ ነው። 20 ያርድ ላይ አምስት እጥፍ ያንሳል፣ አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ 20 ክሊክ ይፈጃል። ስምንቱ ግማሽ ኢንችም አይሞሉም። እየተበተነብህ ባለበት ሰዓት ደግሞ ልዩነቱን ልታየው አትችልም።

ምንሽር (3፡44)
ይኸው! ያለ ስኮፕ ቢሆን ይሄ ሁሉ ሂሳብ የለም።

ስፕሪንጉ (3፡46)
ምንሽር፣ ከልብ አከብርዎታለሁ። ግን የኦሊምፒኮቹ በታመቀ አየር ነው የሚሠሩት፣ አይራገጡም። ከኋላ ዓይን የሚጠጋበት ቀዳዳም አላቸው፣ ባዶ አይደሉም።

ቆርኪ አዳኝ (3፡48)
እሺ እሺ፣ የቱን ልግዛ? ሚስቴ ካርዱን ይዛ ቆማለች።

ባለ መፍቻው (3፡49)
መጀመሪያ ብሎኑን አጥብቅ።

አራት ዓይና (3፡50)
የትኛውን ብሎን ሰውዬ?! ስኮፑ ተሰብሯል እየተባለ።

ባለ መፍቻው (3፡53)
የስኮፑን መች አልኩ። የሰደፏን። እንጨቱ ከብረቱ ጋር የሚታሰርበት ፊት ለፊት ግራና ቀኝ አንዳንድ ብሎን አለ፣ የቃታው ከለላ ጋ ደግሞ አንድ ወይ ሁለት። ባለ ስፕሪንግ ስትራገጥ ታላላቸዋለች። ሲላሉ ጥይቱ እንደፈለገ ይሄዳል። እኔ በየሁለት መቶ ተኩሱ ነው የማያቸው። ሰው ግን ስኮፕ ይገዛል።

ቆርኪ አዳኝ (3፡58)
ወይ ጉድ። የግራዋ በጣቴ ዞረች።

ባለ መፍቻው (3፡58)
☕

ስፕሪንጉ (4፡06)
አጥብቃቸው፣ ግን የሚንኳኳ ስኮፕ በብሎን አይድንም፣ አዲስ ያስፈልግሃል። እኔ ብሆን 3-9 በ32 ኤኦ (ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያጎላ)፣ ወይም 2-7 በ32 ኤኦ እወስድ ነበር። አጭር ከፈለግክ ዩቲጂ ባግ በስተር የሚሉት አለ፣ ድንክ ነው፣ እስከ 3 ያርድ ድረስ ያጠራል። ሌላ ብትወስድም «ለባለ ስፕሪንግ አየር ጠመንጃ» የሚል ጽሑፍ ሳታይ ካርዱን አትቀበላት። 12 እና 16 ጊዜ የሚያጎላው አያማልልህ። 20 ያርድ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር የምታየው የራስህን የልብ ምት ነው። እኔ 4 ወይም 5 ላይ አድርጌ እረሳዋለሁ።
ስኮፑን ጠመንጃዋ ላይ የሚያስሩትን ቀለበቶች ደግሞ እንዳትሳሳት። የአየር ጠመንጃዎች አብዛኞቹ ቀለበቱ የሚታሰርበት ጠባብ 11 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው ያላቸው። የሰፊው ሐዲድ ቀለበት ከገዛህ ቅዳሜ በእጅህ ይዘኸው ትቀራለህ። ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለች፣ ቀለበቱ ላይ ያለችውን ፒን እዚያ አስገባት፣ ስኮፑ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት። ላይ ታች የምታደርገውን ማዞሪያ እስከ ጫፉ ከፍተኸው እንኳ ጥይቷ ዝቅ ብላ የምትመታ ከሆነ አፈሙዟ ዘመም ብላለች ማለት ነው፣ ከኋላው ቀለበት ሥር ስስ ማንሻ አድርግበት። ስትተኩስም ጭምድድ አታርጋት። መዳፍህ ላይ አሳርፋት፣ እንደፈለገች ትራገጥ።

ሲስተር (4፡12)
ነርስ ነኝ፣ አንድ ነገር ልበል። ልጆች ይመጣሉ ብለሃል። የሚያዩትም ጭምር የዓይን መከላከያ ያድርጉ። ጥይቷ እርሳስ ናት፣ ከክትፎው በፊት ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ። የምር ነው።

ሕግ ይከበር (4፡15)
ሲስተር ተባረኪ። ከዒላማው ጀርባ ምን እንዳለም ንገረን ቆርኪ አዳኝ። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቀዳዳ የሚደፍኑበት ጭቃ የመሰለ ነገር ይሸጣል፣ ጣውላ ሳጥን ውስጥ ጠቅጥቀው። ጥይቷን ውጦ ያስቀራታል፣ ድምፅም የለውም። አጥርህ ይተርፋል፣ ጎረቤትህም።

አዲስ አበቤ (4፡30)
እኔም አጎቴን ከዚያ አንዷን ላክልኝ ልለው ነበር። እኛ ጋ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 አለ፣ ሳልጠይቅ ሻንጣ ውስጥ ባያስገባት ይሻለኛል። በናንተ ጓሮ ቀንቼ ልተኛ።

ቆርኪ አዳኝ (4፡33)
አዘዝኩ! አርብ ይደርሳል ይላል። ቀለበቱ 11 መሆኑን አይቻለሁ። ጭቃውን ነገ እገዛለሁ። ጋሽ ባለ መፍቻ ይቅርታ። ውጤቱን ቅዳሜ ማታ እነግራችኋለሁ።

ስፕሪንጉ (አርብ፣ ከቀኑ 11፡15)
ደረሰ? ከመሸ አትሰረው፣ ጠዋት 10 ያርድ ላይ ጀምረህ ወደ 20 ሂድ። ስኮፑ ከአፈሙዙ በላይ ስለሚቀመጥ 10 ላይ ዝቅ ብሎ ቢመታ አትደንግጥ።

የቂርቆስ ልጅ (እሁድ፣ ጠዋት 4፡02)
ክትፎውን ማን ጋበዘ?

ባለ መፍቻው (እሁድ፣ ጠዋት 4፡10)
ብሎኑ ጠበቀ ወይ?

ምንሽር (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20)
ዝም ካለ ተሸንፏል። ብያለሁ።

አዲስ ገቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ቆርኪ አዳኝ በመጨረሻ የቱን ገዛህ? የኔም ስኮፕ ዛሬ ውስጡ መንኳኳት ጀምሯል። ኒው ጀርሲ ነኝ።

ሕግ ይከበር (ከሁለት ደቂቃ በኋላ)
ኒው ጀርሲ? ቆይ፣ ቁጭ በል።