የፕሮሎግ ኮድ መጠየቂያው ላይ ይታረም ወይስ በፋይል ብቻ?

አወያይ፦ ስዊ-ፕሮሎግ (የፕሮሎግ ቋንቋ ማስኬጃ ፕሮግራም) ለሚጀምር ተማሪ ኮዱን እዚያው መጠየቂያው (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስመር) ላይ እንዲያርም እንፍቀድለት ወይስ ፋይል ብቻ?

ሽቅብ_ተመላሽ፦ ይፈቀድ። [ዩዘር]. (ሕግ ከኪቦርድ ተቀበል ማለት ነው) ብለህ ሁለት ሕግ ትጽፋለህ፣ ኮንትሮል-ዲ ትጫናለህ፣ ወዲያው ትጠይቃለህ። በመጀመሪያው ቀን ፎልደር ፍለጋ ምን ያደርጋል?

ነጥብ_አትርሳ፦ ጣጣው በሁለተኛው ቀን ነዋ የሚመጣው! አያት/2 (ሁለት ነገር የሚቀበል፣ አያት የተባለ ዝምድና) ከፋይል ተጭኖ ሳለ በ[ዩዘር] አንድ ሕግ ብትጽፍ የጨመርክ ይመስልሃል፤ እሱ ግን የፋይሉን ሕጎች ጠርጎ በአንዷ ይተካቸዋል። ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ጀማሪ ግን መች ያነበዋል። በአሰርትዜድ (ሕግ መጨመሪያ ትዕዛዝ) ከሞከርክ ደግሞ፣ ዝምድናው ዳይናሚክ (እየሮጠ የሚቀየር) ተብሎ ካልታወጀ፣ መቀየር አይፈቀድም ብሎ ይመልስሃል።

ሽቅብ_ተመላሽ፦ ከታወጀስ?

ነጥብ_አትርሳ፦ ይገባል፣ ሃልት ብለህ ከፕሮሎግ ስትወጣ ይጠፋል። በሊስቲንግ (ሕጎችን ማሳያ ትዕዛዝ) አውጥተህ ብትገለብጠውም የሰጠሃቸው የተለዋዋጭ ስሞች ቀርተው ኤ፣ ቢ ሆነው ታገኛቸዋለህ።

ኤዲተር_ክፍት፦ ጎበዝ፣ ኤዲት(አያት/2). የሚባል ነገርም አለ እኮ። ፋይሉን ራሱ ፈልጎ ሕጉ ያለበት መስመር ላይ ይከፍተዋል። የትኛው ኤዲተር እንደሚከፈት ኤዲተር በተባለው ኤንቫይሮመንት ቫሪያብል (የኮምፒውተሩ ቅንብር) መወሰን ይቻላል። ዘግተህ ስትወጣ ሜክ የሚባለው ትዕዛዝ በራሱ ሮጦ የተቀየሩትን ፋይሎች ብቻ እንደገና ይጭናል። ወጥመዱ ቪኤስ ኮድን የመሰለ፣ መስኮት ከፍቶ ትዕዛዙን ወዲያው የሚመልስ ኤዲተር ላይ ነው፦ አንድ ፊደል ሳትነካ ሜክ ሮጦ ያልቃል። ሴቭ አድርገህ ሜክ. ብለህ በእጅህ ጻፍ።

ሽቅብ_ተመላሽ፦ ትሬስ (ፕሮግራሙን በዲበገር ደረጃ በደረጃ መከታተል) መሃል ላይ ስህተት ብናገኝስ? ከዲበገሩ ወጥተን እንደ አዲስ?

ኤዲተር_ክፍት፦ አትውጣ። ቢ ተጫን፣ ብሬክ (ዲበገሩ ሳይዘጋ የሚከፈት ሌላ መጠየቂያ) ውስጥ ትገባለህ። ፋይሉን አርም፣ ሜክ. በል፣ በኮንትሮል-ዲ ተመለስ፣ ከዚያ ጥሪውን እንደገና ለማስጀመር አር ተጫን። አርን ከዘለልክ የተጀመረው ጥሪ በድሮው ትርጉም ይቀጥላል፤ አዲሱን የሚያገኘው አዲስ ጥሪ ብቻ ነው። ብዙው ሰው "አረምኩት፣ አልሠራም" የሚለው እዚህች ላይ ነው።

ነጥብ_አትርሳ፦ ይሄማ ፋይሉን ማረም ስለሆነ ጠብ የለኝም። [ዩዘር] ግን ለአንድ ሰዓት ሙከራ እንጂ ለቤት ሥራ አይሆንም። በነገራችን ላይ፣ በፊደላችን ለምትጽፉ፦ በላቲን ተለዋዋጭ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ እኛ ግን ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን በአንደርስኮር ይጀምራል፣ አያት(_ሀ, _ለ) ተብሎ። ያለሱ ሀ አተም (ቋሚ ስም) ነው። መዝጊያውም የላቲኗ ነጥብ ናት፤ አራት ነጥብ ሕጉን አይዘጋውም።

ሽቅብ_ተመላሽ፦ አንድ ሰዓት አነሰ። አንድ ሳምንት ስጠኝና ቤት ሥራውን በፋይል እቀበላለሁ።