ትንንሽ የዘይት ቀለም ሥዕሎች፦ መለማመጃ ናቸው ወይስ ሙሉ ሥራ?

ስስ ጣውላ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። አብዛኛውን ጊዜዬን የምሰጠው ከ15 በ20 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ስስ ጣውላ ላይ በዘይት ቀለም ለምሠራቸው ሥዕሎች ነው። ቤት ስውል ጠርሙስ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ሽንኩርት ወይም የተጣጠፈ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ እሥላለሁ፤ ከቤት ስወጣ ደግሞ ያንኑ የሚያህል ጣውላ ይዤ ዛፍና ተራራ፣ ሜዳና ሰማይ ላይ አተኩራለሁ። አንድን ሥዕል በአንድ ቁጭታ መጨረስ ስለምወድ መጠኑ ይስማማኛል፤ ሆኖም መልስ ያጣሁላቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ሥዕሉ በጅምሩ ሕይወት ያለው ይመስልና ዝርዝር ስጨምርበት ይደርቅብኛል። የጠርሙሱን አንገት፣ የሳህኑን ጠርዝ፣ የሚያብረቀርቀውን ነጥብ አንድ በአንድ ሳስተካክል እያንዳንዱ ለብቻው ትክክል ይሆናል፤ ሥዕሉ ግን እርስ በርሱ አይያያዝም። ሁለተኛው፣ ከመልክዓ ምድር ሥዕሎቼ የወደድኩትን መርጬ አንድ ሜትር ስፋት ወዳለው ሸራ ላሳድገው ስሞክር ጉልበቱ ይጠፋል። ሥዕል የተማሩ ወዳጆቼ ትንሹ መለማመጃ፣ ትልቁ ሸራ ደግሞ መድረሻ እንደሆነ አድርገው ይነግሩኛል። በእርግጥ እንደዚያ ነው? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ጥላ ፈላጊ

ውድ ጠያቂ፣ ከመጀመሪያው ጉዳይ ልነሣ። ሥዕልዎን የሚያደርቀው የዝርዝሩ መብዛት ብቻ አይመስለኝም፤ ዝርዝሩ የብርሃንና የጥላውን ክፍፍል ስለሚሰባብረው ነው። ትልቅ ሸራ ፊት የቆመ ተመልካች ዓይኑን ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ ይመለከታል፤ ትንሽ ጣውላን ግን ገና ሲያየው መላውን ይጨብጠዋል። ስለዚህ ትንሹን ሥዕል አያይዞ የሚያቆመው በቅድሚያ የጨለማውና የብርሃኑ አቀማመጥ ነው። ለዚህም ብርሃን ያረፈበት፣ መካከለኛውና ጥላው፣ ሦስት ቢበዛ አራት ደረጃዎች ይበቃሉ።

ሽንኩርቱን እንውሰድ። ከአንድ ጎን አምፖል ሲበራበት የሽንኩርቱ የጥላ ወገን፣ ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላና ከኋላው የቆመው ጠርሙስ የታችኛው ክፍል በጨለማነታቸው እጅግ ይቀራረባሉ። ብዙዎቻችን ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስለምናውቅ በመስመር ለያይተን እንሥላቸዋለን። እኔ ግን ሦስቱንም እንደ አንድ ቅርጽ ቆጥሬ በአንድ ጥቁር ቡናማ እሸፍናቸዋለሁ፤ ከዚያ ገና እርጥብ ሳለ በሽንኩርቱ በኩል ጥቂት ቀይ፣ በጠርሙሱ በኩል ጥቂት አረንጓዴ አስገባበታለሁ፤ የጨለማነቱን ልክ ግን አልለውጥም። እንዲህ ሲሆን የሽንኩርቱ ጠርዝ በጥላው ወገን ይጠፋል፣ በብርሃኑ ወገን ደግሞ ጠርቶ ይወጣል፤ የጠፋውን ጠርዝ የተመልካቹ ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ከልጣጩ መስመሮች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ፣ ያውም ብርሃኑ ወደ ጥላ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ካኖሩ የቀረው ሁሉ የተሣለ ይመስላል። የሚያብረቀርቀውን ነጥብ መጨረሻ ላይ በአንድ ንክኪ አስቀምጠው ይተዉት፤ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ከፈለጉ ደግሞ ሌላው ብርሃን ሁሉ ከእርሱ በአንድ ደረጃ ዝቅ ማለት አለበት።

ሁለት ልማዶች ይረዱኛል። አንደኛው፣ ጣውላውን ከመጀመሬ በፊት በቀጠነ ግራጫ ወይም ቡናማ ቀለም ማልበስ ነው፤ በነጭ ላይ ማንኛውም ቀለም ከእውነተኛው ይልቅ ጠቁሮ ስለሚታይ ገና ከመነሻው ያሳስታልና። ሁለተኛው፣ አብዛኛውን ሥዕል ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጠፍጣፋ ብሩሽ መሥራት ነው፤ ቀጭኑ ብሩሽ እጅ ላይ ከሌለ ዝርዝር የመጨመር ጉጉት በግማሽ ይቀንሳል። የጨለማና የብርሃኑን ክፍፍል ለመለየት ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየትንም ሁሉም ይመክራል፣ ግን ጥቂቶች ብቻ ያደርጉታል።

ደመና ተከታይ

በሁለተኛው ጉዳይ ላይ ልጨምር። ሃያ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሥዕል ወደ አንድ ሜትር ሲያድግ ጎኑ በአምስት፣ የቆዳ ስፋቱ ደግሞ በሃያ አምስት እጥፍ ይጨምራል። በትንሹ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብሩሽ ምት አንድን የዛፍ ግንድ በሙሉ ይሠራል፤ በትልቁ ላይ ያንኑ ግንድ በአንድ ምት ለመሥራት አምስት ሴንቲ ሜትር ብሩሽ፣ ብዙ ቀለምና ከእጅ አንጓ ይልቅ የክንድ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። አብዛኞቻችን ግን በዚያው ትንሽ ብሩሽ ግንዱን በብዙ ምት እንሞላዋለን፤ ጉልበቱ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በትንሹ ላይ አንድ ጠብታ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ሆኖ ያገለግል የነበረው በትልቁ ላይ ባዶ ቦታ ይሆንና ከዚህ በፊት ያላዩትን መረጃ ይጠይቃል።

ይህ ችግር የታላላቆቹም ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 ሃምስቴድ በተባለው ስፍራ የደመና ጥናቶችን በዘይት ቀለም ሲሠራ ከብዙዎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍ ነበር። ወደ ትልልቆቹ ሸራዎች ሲሻገር ግን ከትንሹ ጥናት በቀጥታ አልዘለለም፤ ለበርካታዎቹ በመጨረሻው ሥራ ልክ የሆነ ሌላ የዘይት ንድፍ በሙሉ መጠን እየሠራ፣ ብሩሹንና ቅንብሩን በዚያ መጠን ይፈትን ነበር። እርስዎም ማሳደግ ከፈለጉ በመካከል ርካሽ ወረቀት ላይ በሙሉ መጠን አንድ ሻካራ ሙከራ ቢያስገቡ ብዙ ነገር ይገለጥልዎታል።

ውጭ ስለሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፈረንሳዊው ፒየር ኦንሪ ደ ቫለንሲየን በ1800 ለተማሪዎች ባሳተመው ምክር፣ ከተፈጥሮ ፊት የሚሠራ ጥናት ቢበዛ በሁለት ሰዓት፣ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ከሆነ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ አሳስቧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥላው ቦታውን ስለሚለቅ በሦስተኛው ሰዓት የሚሣለው ሌላ መልክዓ ምድር ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የጥላዎቹን ቅርጽ አስቀምጬ እዘጋዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ብትሄድም እነርሱን አልከተልም። ትንሽ ጣውላ በዚህ ሰዓት ውስጥ ሊሸፈን የሚችል መጠን ስለሆነ ነው ለውጭ ሥራ የተመረጠው እንጂ ለመሸከም ስለሚቀል ብቻ አይደለም።

ሣጥንና ጠርሙስ

የቀደሙት መልሶች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለተኛው ማሳደግ ተገቢ እንደሆነ አድርጎ ያለፈ ስለመሰለኝ በዚያ አልስማማም። ትንሽ ሥዕል ለምን ማደግ አለበት? ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ (1890–1964) ዕድሜውን አብዛኛውን ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ኖሮ፣ ከመልክዓ ምድር ሥዕሎቹ ጎን ለጎን፣ ጥቂት ጠርሙሶችን፣ ሣጥኖችንና ጎድጓዳ ዕቃዎችን ለአሥርተ ዓመታት በመጠነኛ ሸራዎች ላይ እየደጋገመ ሣላቸው። የዕቃዎቹን ቦታ ጠረጴዛው ላይ በዘረጋው ወረቀት ላይ በመስመር ምልክት ያደርግ ነበር፤ አንዱን ጠርሙስ ጥቂት ማስጠጋት ለእርሱ አዲስ ሥዕል ነበርና። ከእርሱ ብዙ ቀድሞ ደግሞ ሆላንዳዊው አድሪያን ኮርት በ1697 አስፓራገስ የተባለውን አትክልት አንድ እስር 25 በ20.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሥዕል ላይ፣ ከጥቁር ዳራ ፊት፣ በድንጋይ ጠርዝ ላይ አጋድሞ ሥሎታል። ይህን ሥዕል ለሌላ ሥራ መለማመጃ ነው ብሎ የሚያየው ያለ አይመስለኝም።

እኔ የምመክረው አንዱን ሥዕል ከማሳደግ ይልቅ ማባዛትን ነው። ያንኑ ጠርሙስና ያንኑ ሳህን ሳይቀይሩ፣ አንዴ አምፖሉን ዝቅ አድርገው፣ አንዴ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አጥብበው፣ አንዴ ዳራውን አጨልመው በተከታታይ ይሥሏቸው። ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ አንድ ትልቅ ሸራ የማይሰጠውን ንጽጽር ይሰጣሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ገዢ ትንሹን ሥዕል ስለሚወድ ብቻ በዚያ መጠን መቆየት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ወዳጆችዎ የሚሉት እውነትነት አለው።

ስስ ጣውላ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስቱን ጨለማዎች እንደ አንድ ቅርጽ ስለማየት የተነገረው በተለይ ገብቶኛል፤ ማሳደጉን ለጊዜው አቆይቼ በተመሳሳይ ዕቃዎች ተከታታይ ሥዕል እጀምራለሁ። አንድ ትንሽ ጥያቄ ልጨምር፦ ጣውላዎቼ አንዳንዴ ይጎብጡብኛል፣ ጨለማ ቀለሞቹ ደግሞ ሲደርቁ ይፈዝዛሉ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

ጥላ ፈላጊ

ጉብጠቱ የሚመጣው አንዱ ገጽ ተሸፍኖ ሌላው እርጥበት ሲስብ ነው፤ ጀርባውንና ጠርዞቹንም ጄሶ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ነጭ መደላድል) ወይም ሌላ ማሸጊያ ይቀቧቸው። መፍዘዙ በአብዛኛው የሚያሳየው ጣውላው ከቀለሙ ውስጥ ዘይቱን መምጠጡን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ስስ የጄሶ ንብርብር ቀብተው በመካከሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቢያለሰልሱት ይሻሻላል፤ ግን እንደ መስታወት አያድርጉት፣ ቀለሙ ይንሸራተታል። ቡናማዎቹ ቶሎ እንደሚደርቁ፣ ቲታኒየም ነጭ ግን እንደሚዘገይ ያስቡ፤ ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ፣ ማለትም ስድስት ወር ያህል ሳይሞላው፣ ቫርኒሽ አይቀቡ። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨምድደው አይጣሉት፤ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ስለሚሞቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ውኃ ባለበት ክዳናማ የብረት ዕቃ ውስጥ ያቆዩት።