ድሬዳዋ ተቀምጦ በካስቲንግ ዳይሬክተርነት (ለፊልም ተዋንያንን ፈልጎ በማቅረብ ሙያ) መሥራት ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ የሳቢያኗ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 27 ሲሆን በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ላለፉት አምስት ዓመታት አንድ የወጣቶች የቴአትር ክበብ ሳስተባብር ቆይቻለሁ። ባለፈው ዓመት ታሪኩ በከዚራና በባቡር ጣቢያው አካባቢ የሚያልፍ ፊልም ለመሥራት ከአዲስ አበባ የመጣ የቀረጻ ቡድን፣ የአካባቢውን ሰው ታውቃለች ተብዬ ስለተጠቆምኩለት፣ ንግግር ያላቸውን 11 ተዋንያንና ከ40 በላይ አጃቢዎችን በሦስት ሳምንት ውስጥ ፈልጌ አቀረብኩለት።

ከእነዚህ መካከል ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። የተሰጣቸው ሚና ልጇን በባቡር የምትሸኝ እናት ሆነው እንዲጫወቱ ነበር። የተጻፈላቸውን ንግግር ሁለት ጊዜ ሞክረው አልሆን ሲላቸው፣ «እማማ፣ ንግግሩን ይተዉትና የራስዎ ልጅ ቢሄድ የሚያደርጉትን ያድርጉ» አልኳቸው። እሳቸውም አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ በሻሻቸው ጫፍ የቋጠሩትን ገንዘብ በጥርሳቸው ፈትተው ከልጁ መዳፍ ላይ አኖሩና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት። ካሜራውን የያዘው ልጅ ማጥፋቱን ረስቶ ቆሞ ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ ልሠራው የምፈልገው ይህንን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ይሁን እንጂ ውል ስላልነበረኝ የተከፈለኝ የስልክና የባጃጅ ወጪዬን ከመሸፈን ያለፈ አልነበረም፤ ፊልሙ ሲወጣም ስሜ አልተጻፈም። አሁን ሌላ ቡድን ደውሎልኛል፤ ከሚፈልጋቸውም አንዱ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ወይ? ምን ልማር? ክፍያውን እንዴት ልነጋገር? የግድ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ ወይ? ሕፃናትን በተመለከተስ ምን ልጠንቀቅ? በሥራው ውስጥ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁ ይከብደኛል።

መልስ 1፦ ለገሃሬ

እህቴ፣ እኔ ለገሃሬ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን አዲስ አበባ የምኖር፣ በረዳት ዳይሬክተርነትና በተዋንያን መረጣ 12 ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። አዎ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ ዳይሬክተሩ ወይም ረዳቱ ደርቦ ስለሚሠራው ሙያነቱ ተሸፍኖ ኖሯል። በአሜሪካም ቢሆን ዕውቅናው የመጣው ዘግይቶ ነው። ሊን ስታልማስተር የተባለው አንጋፋ ባለሙያ ይህን ሥራ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስፋት ሲሠራ የኖረ ሆኖ የክብር ኦስካር የተሰጠው በ2016 ነው፤ ኦስካርን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለተዋንያን መረጣ የውድድር ዘርፍ እንዲኖር የወሰነው ደግሞ ከ2025 ፊልሞች ጀምሮ ነው። ስምሽ ሳይጻፍ በመቅረቱ ማዘንሽ ተገቢ ነው፤ ይህ በሙያው ውስጥ የቆየ ቁስል ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይግባሽ፦ «መራጭ» እንባላለን እንጂ የመጨረሻው ውሳኔ የዳይሬክተሩና የፕሮዲውሰሩ ነው። የእኛ ድርሻ እነሱ ራሳቸው ሊያገኙት የማይችሉትን ሰው አግኝቶ፣ ችሎታው በግልጽ በሚታይበት ሁኔታ ፊታቸው ማቅረብ ነው። ስክሪፕቱ ሲደርስሽ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አንብቢው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ዕድሜውን፣ የሚናገርበትን ቋንቋ፣ ስንት ትዕይንት ላይ እንደሚገባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በታሪኩ ውስጥ የሚፈልገውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ፍለጋ ከመውጣትሽ በፊት ይህን ጽሑፍ ይዘሽ ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀመጪ። «ቆንጆ ልጅ ፈልጊልኝ» ካለሽ ምን ዓይነት ቁንጅና፣ ለየትኛው ትዕይንት እንደሆነ ጠይቂው፤ እዚህ ላይ የተዘለለ ጥያቄ በኋላ ሁለት ሳምንት ያስበላል። ለእያንዳንዱ ሚና ሃያ ሰው ብታዪም ለዳይሬክተሩ የምታቀርቢው ከሦስት እስከ አምስት ቢሆን ይበቃል፤ ከእነዚህም አንዱ እሱ ያላሰበው ዓይነት ሰው ይሁን።

ሀብትሽ መዝገብሽ ነው። ኒውዮርክ ትሠራ የነበረችው የተዋንያን መራጭ ማሪዮን ዶኸርቲ ያየቻቸውን ተዋንያን በካርድ ላይ እየመዘገበች ታስቀምጥ ነበር፤ ጆን ቮይት ጀማሪ ሳለ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ደካማ ሆኖ ቢታይም አልረሳችውም ነበርና፣ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ለወጣው «ሚድናይት ካውቦይ» ለተባለው ፊልም ስሙን አቅርባ አስመርጣዋለች። አንቺም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ክፈቺ፦ ስልኩን፣ ቁመቱን፣ ያለ ሜካፕ ከፊትና ከጎን የተነሣውን ፎቶ፣ የሚናገራቸውን ቋንቋዎች፣ ያየሽበትን ቀንና የተሰማሽን ነገር ያዢ። በድሬ የቋንቋው ዓምድ ትልቅ ዋጋ አለው። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ እያቀያየረ የሚናገር ሰው ለእናንተ የሠፈር ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚፈልገው ዳይሬክተር ግን ብርቅ ነው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ አብዛኛው ሥራ የሚወጠነው እዚህ ስለሆነ በአንድ ወይም በሁለት ፊልም ላይ በረዳትነት ብትሠሪ ትጠቀሚያለሽ፤ ነገር ግን ቤትሽን ነቅለሽ ነይ የሚልሽን ሁሉ አትስሚ። ከዚህ ለሚሄድ ለእያንዳንዱ ተዋናይ ፕሮዲውሰሩ ትራንስፖርት፣ አልጋና የውሎ አበል ይከፍላል። ያን ሁሉ ወጪ የሚቀንስለት ሰው ድሬዳዋ ላይ መኖሩን ካወቀ አንቺን የሚፈልገው እዚያው ሆነሽ ነው።

መልስ 2፦ የጁገል ልጅ

ከሐረር ነኝ፤ ተዋናይ ስለሆንኩ የምናገረው ከወንበሩ ማዶ ሆኜ ነው። አንድ ጊዜ የመመዝገቢያ ተብሎ ገንዘብ ከፍለን ከሰባ በላይ ሆነን ተሰልፈን ነበር፤ የተባለው ፊልም አልተሠራም፣ ገንዘባችንም አልተመለሰም። ስለዚህ እህቴ፣ ከተዋናይ አንድ ብር እንኳ እንዳትቀበይ። የሚከፍልሽ ፊልሙን የሚያሠራው ወገን ብቻ ይሁን፤ ይህንንም በማስታወቂያሽ ላይ በግልጽ ጻፊው።

ስለ አነጋገርም ልጨምር። ከውጭ የመጡ ተዋንያን የእኛን አገር ሰው ሲጫወቱ «አቦ»ን በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ይሰኩታል። እኛ ግን ስንለምን፣ ስንገረም፣ ስንቆጣም እንላታለን፤ ድምፁም በየቦታው ይለያያል። ይህን የሚሰማ ጆሮ ያለው መራጭ ከድሬና ከሐረር ካልወጣ ከየት ይመጣል?

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኦዲሽን (የተዋንያን መምረጫ ፈተና) የማካሂደው በክበባችን ክፍል ውስጥ ነው፤ ቬንትሌተሩ ካልተከፈተ በሙቀቱ መቀመጥ አይቻልም፣ ከተከፈተ ደግሞ ድምፁ ቀረጻውን ያበላሸዋል። ሁለተኛው ጭንቀቴ ይበልጣል፦ ያልተመረጡትን ሰዎች በማግስቱ አሸዋ ገበያ አገኛቸዋለሁ። ምን ልበላቸው?

መልስ 3፦ የቀድሞ የቴአትር መምህር

ልጄ፣ ሙቀቱን በሰዓት አሸንፊው። ኦዲሽኑን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረሽ አራት ሰዓት ላይ ጨርሺ፤ ቬንትሌተሩን ሰው ሲቀያየር ክፈቺ፣ ሲቀረጽ አጥፊ። ተፈታኙን ባዶ ግድግዳ ፊት አቁሚና የመስኮቱ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጊ። ስልክሽን አጋድመሽ በዓይኑ ትክክል አቁሚው፤ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ንግግር የሚያነብለት ሰው ደግሞ ከስልኩ ጎን ይቀመጥ። አንባቢው መልካም ንባብ ያለው፣ ግን ራሱን ለማሳየት የማይሞክር ይሁን።

መጀመሪያ እንደ መሰለው እንዲጫወት ተይው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪበት፤ ለምሳሌ «አሁን ደግሞ መናደድህን እንዲያውቅብህ አትፈልግም» በይው። በሁለተኛው ሙከራ አንዳች ነገር ከተለወጠ ከዳይሬክተር ጋር መሥራት የሚችል ሰው አግኝተሻል። ሁለቱም አንድ ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ምንም ያህል ቢያምር በቀረጻው ቀን ትቸገሪያለሽ። ትወና ለማያውቅ ሰው ግን እንደዚያች እናት አድርጊ፦ የሚሠራበት ነገር በእጁ ስጪው፣ ቃሉ ይከተላል።

ያልተመረጡትን በተመለከተ፣ ውጤቱን የምታሳውቂበትን ቀን ቀድመሽ ንገሪና በዚያው ቀን ለሁሉም ራስሽ ደውዪ። ሰውን የሚያስቀይመው ዝምታው ነው። «ለዚህኛው ሚና ሌላ ሰው ተመርጧል፤ ፈቃድህ ከሆነ ስምህ መዝገቤ ላይ ይቆያል» ማለት በቂ ነው። «ጎበዝ ነበርክ፣ እነሱ ናቸው እንቢ ያሉት» ብለሽ ግን ዳይሬክተሩን አታሳጪ፤ በትንሽ ከተማ ቃል ሳይውል ሳያድር ይደርሳል።

መልስ 4፦ የሕግ ባለሙያ

በመጀመሪያ ስለ ሕፃኑ ልጻፍልዎት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ላሉት ወጣት ሠራተኞችም ቢሆን የቀን ሥራው ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠሩ ደንግጓል። ስለዚህ የ11 ዓመቱን ልጅ ከመፈለግዎ በፊት ፕሮዲውሰሩ ጉዳዩን ለከተማ አስተዳደሩ አግባብ ላለው ቢሮ አቅርቦ የጽሑፍ መልስ እንዲያመጣ ይጠይቁ። «ወላጆቹ ፈቅደዋል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። በኦዲሽን ጊዜም ወላጅ ወይም አሳዳጊ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ ለዐዋቂዎችም ቢሆን ከተፈታኝ ጋር ብቻዎን በተዘጋ ክፍል አይቆዩ፣ ይህ እርስዎንም ይጠብቅዎታል።

ከፕሮዲውሰሩ ጋር የሚፈራረሙት የአገልግሎት ውል አጭር ቢሆንም የሚከተለውን ይያዝ፦ ስንት ሚና እንደሚሞሉና ለእያንዳንዱ ስንት አማራጭ እንደሚያቀርቡ፣ አጃቢዎችን ማምጣት በዋጋው ውስጥ መካተቱን ወይም በተናጠል መከፈሉን፣ የስልክና የመጓጓዣ ወጪ የማን እንደሆነ፣ ስምዎ በፊልሙ ላይ የሚጻፍበትን ትክክለኛ ቃልና ቦታ። ክፍያውን በሦስት ይከፋፍሉት፤ አንደኛው ሲፈርሙ፣ ሁለተኛው የተዋንያኑን ዝርዝር ሲያስረክቡ፣ የቀረው ደግሞ ቀረጻ በሚጀመርበት ቀን። ፊልሙ ወጥቶ ገቢ እስኪያስገባ የሚጠብቅ ክፍያ ካቀረቡልዎት አይቀበሉ፤ የእርስዎ ሥራ የሚያልቀው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ነው።

ከጠያቂዋ

ጋሼም፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ለፕሮዲውሰሩ ደውዬ ስለ ልጁ የጽሑፍ መልስ እስኪያመጣ ፍለጋውን እንደማልጀምር ነግሬዋለሁ፤ ቅር ቢለውም እሺ ብሏል። የውሉንም ረቂቅ እየጻፍኩ ነው። የዐዋቂዎቹን ኦዲሽን የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እጀምራለሁ። ሁለት ትዕይንቶች በሶማሊኛ ስለሆኑ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ያላችሁና ሶማሊኛ አጥርታችሁ የምታነቡ ሰዎች ለሦስት ሰዓት አንባቢ ሆናችሁ ብትረዱኝ እዚሁ ጻፉልኝ፤ የአንባቢው ክፍያም በውሉ ውስጥ ይገባል።