ድሬዳዋ፦ ለምዕራቡ ግድግዳ ብሎኬት፣ ጡብ ወይስ ድንጋይ? ከማንስ ይገዛ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በግቢያችን ሁለት ክፍል ልንጨምር ነው። ነባሩ ቤት በባለ 15 (ውፍረቱ 15 ሳንቲሜትር በሆነ) ብሎኬት የተሠራ ሲሆን፣ ምዕራብ የሚያየው ግድግዳ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንኳ መዳፍ ሲያሳርፉበት ይሞቃል፤ እናቴም አልጋዋን ወደ በረንዳ አውጥታለች። ለአዲሱ ክፍል ምን ትመክሩናላችሁ? የምታምኑት አምራች ካለም ጠቁሙን።

የሳቢያን ልጅ፦ እኔ ከሰፈራችን አምራች ሌላ ገዝቼ አላውቅም፤ ሰውየው ሐቀኛ ነው። ባለ 20 ከእርሱ ውሰዱ።

ባለ ሁለት ልጆች፦ ከመግዛታችሁ በፊት ብሎኬቱን በጥፍራችሁ ፋቁት። እኔ ከአንድ አምራች የገዛሁት በቂ ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ስለነበር ጠርዙ በእጄ ላይ እንደ አሸዋ ፈረሰ፤ ከ600 ውስጥ ሩቡ ሳይወርድ ተሰበረ፤ ገንዘቤንም የመለሰልኝ የለም።

የሳቢያን ልጅ፦ የእኛ ሰፈር አምራች እንዲህ አያደርግም።

ባለ ሁለት ልጆች፦ እኔም ከመግዛቴ በፊት እንዲሁ ብዬ ነበር!

ጣሪያ ሠሪ፦ ግድግዳውን ተዉት፤ ሙቀቱ የሚገባው በቆርቆሮው ነው። ኮርኒሱን ከፍ አድርጉና አየር ማስወጫ ተዉለት።

ከዚራ ያደገ፦ የተጠየቀው ስለ ምዕራብ ግድግዳ ነው፤ አምስት መልስ ተጽፎ አንዱም አልነካውም። ያደግሁበት ቤት ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ስንገባ ይቀዘቅዘን ነበር፤ ሌሊት ግን የቀኑን ሙቀት መልሶ ስለሚሰጥ መስኮት ሳንከፍት አንተኛም ነበር።

የግንባታ ባለሙያ፦ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የግድግዳው ክብደት ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ 20 ሳንቲሜትር ድፍን ኮንክሪት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚያዘገየው፣ የዘጠኝ ሰዓቱ ፀሐይ መኝታ ሰዓት ላይ ይደርሳችኋል። ጥቅጥቅ ኮንክሪት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 1.4 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ነው (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የሚያልፈው ሙቀት ያንሳል)፤ የተተኮሰ ጡብ ከ0.6 እስከ 0.8፣ ፎም (የፍራሹ ሳይሆን ለግንባታ የሚሆነው የስቴሮፎም ሰሌዳ) ደግሞ 0.035 ገደማ። ስለዚህ 5 ሳንቲሜትር ፎም ሙቀት በመከልከል 2 ሜትር ውፍረት ካለው ኮንክሪት ጋር ይስተካከላል። ፎሙ በውጭ በኩል ይለጠፍ፤ እሳት ስለሚይዘው በወንፊት ሽቦ ላይ በደንብ ይለሰን፤ ከላይም ነጭ ኖራ ይቀባ፣ ነጭ ቀለም የፀሐይን ጨረር አብዛኛውን ይመልሳልና። በጀቱ ካልበቃ ለምዕራቡ ግድግዳ ብቻ አድርጉት፤ ወይም ከግድግዳው ፊት ዳስ ሠርታችሁ ሐረግ አልብሱት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት፤ የዳሱን ነገር ወዳዋለች። ፎም ድሬዳዋ ውስጥ ከየት ይገኛል?

የሳቢያን ልጅ፦ ፎሙን አላውቅም። ብሎኬቱን ግን ከሳቢያን።